ውሃ የሚሸጥበት አገር

ምጽዋ፣ ኅዳር 14 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለአባቴ ለቄስ አዛናው፣ ቁሐር ሚካኤል

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የእምዬን ጤና እጠይቃለሁ። እኛ፣ አበረም እኔም ልጃችን ጽጌሬዳም፣ ጸሎታችሁ አልተለየንም፤ ደኅና ነን።

ደብዳቤዎ ወረታ ከማረው ሱቅ ሦስት ሳምንት ተኝቶ ኖሮ የደረሰኝ ትናንት ነው። መልሱን ሳላሳድር የምጽፈው፣ የጠየቁኝን ነገር አበረ ባለበት መመለስ ስለማልችል ነው። እሱ አሁን ከወደቡ መጋዘን ኑግ እያስመዘነ ነው።

አባቴ፣ አበረ ገንዘቡን አይጠጣውም። በግልጽ ባይጽፉትም ይህን እንደ ጠረጠሩ ከአነጋገርዎ ገብቶኛል። አይፈረድብዎትም። የኑግ ነጋዴው ወረታ ላይ ቆሞ «ምጽዋ ከወረድህ በወር አርባ ብር እከፍልሃለሁ» ሲለው፣ እርስዎ «ይህማ የዳኛ ደሞዝ ነው» ብለው ነበር። ቁሐር ተቀምጦ የሚበላው ቢሆን እውነትም የዳኛ ደሞዝ ነው።

ምጽዋ ግን ደሴት ናት። ከየብስ ጋር የሚያገናኛት በባሕሩ ላይ የተደለደለ የድንጋይ መንገድ ብቻ ነው። በላይዋ የሚበቅል ነገር የለም። ጤፉም ሽንኩርቱም ከሰሉም ከደጋ በባቡር ይወርዳል፤ እሱ በወረደ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። ለምናድርባት አንዲት ክፍል በወር አሥራ ስድስት ብር እንከፍላለን። ክፍሏ መስኮት የላትም፤ መስኮት ያላት ሃያ ሁለት ናት። ውሃም ይሸጣል። ዑመር የሚባል ሰው በአህያ ጋሪ እየዞረ በጣኒካ ይሰፍርልናል። እምዬ ይህን ሲነበብላት የምታምን አይመስለኝም። በክረምት የርብ ውሃ ከደጃችን ድረስ መጥቶ ደጁን ሲያንኳኳ «ወዲያ በል» እያለች በመጥረጊያ የምትገፋ ሴት፣ ልጇ ውሃ በሳንቲም ትገዛለች ቢሏት ምን ትላለች?

እንግዲህ ለዘመን መለወጫ ምንም ያልላክሁላችሁ ስላልተረፈኝ ነው። እዚህ ሰው የሚሠራው እዚሁ ለመቆየት ነው።

ጽጌሬዳ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው። እምዬ እስከ ወረታ ስላልሸኘችኝ ቂም ይዛብኛለች እያልሁ እጨነቃለሁ፤ የምትለኝን ሁሉ፣ አንድም ቃል ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ አገኘሁሽ

ቁሐር ሚካኤል፣ ጥር 8 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለልጄ ለአገኘሁሽ

የሚካኤል ክንፍ ይጋርድሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ከብቶቹም ደኅና ናቸው። ጓያው ዘንድሮ ከውሃ አምልጦ አምሯል።

በአበረ ላይ ክፉ በማሰቤ በደልሁ። ይቅርታዬን ለእሱ አትንገሪው፤ ብትነግሪው መጠርጠሬንም ያውቅብኛል። ለአንቺ ግን መናገር ይገባኛል። ሰው በማያውቀው አገር ስላለው ኑሮ መፍረድ እንደማይገባው በየእሑዱ ለሌላው የማስተምር እኔ ነኝ።

ደብዳቤሽን ለእናትሽ ሦስት ጊዜ አነበብሁላት። የውሃውን ነገር ስትሰማ «ውሃ የሚሸጥ ሰው ሲምል በምን ይምላል?» አለችኝ። አሁን አጠገቤ ተቀምጣ የምትለውን እንዲህ እያለች ታስጽፈኛለች፦

«አገኘሁሽ፣ እንደምን አለሽልኝ። ይኼው ሁለት ዓመትሽ። ቂም ይዛብኛለች ብለሽ ለቄሱ መጻፍሽን ሰማሁ። እስከ ወረታ ያልሸኘሁሽ ተቀይሜ አይደለም። መኪናው ሲሄድ ማየት አልቻልሁም፤ ከበሩ ተመለስሁ። ስድስት ልጅ አፈር አልብሼ አንቺን ነው ያገኘሁ፤ ስምሽም ስለዚያው ነው። በዚህ ቅል ውስጥ ያለው የላማችን የቦራ ቅቤ ነው። በርበሬውን እኔው ነኝ ያስወቀጥሁ፤ ሽሮው የይፋግ ነው። ለልጂቱ ቅቤ ከአናቷ አድርጊላት፤ ሙቀት ያበርዳል። ለጎረቤትም አቅምሺ፤ በሰው አገር ያለጎረቤት አይኖርም።»

ይህን ካስጻፈችኝ በኋላ ሳል ያዛት። የወቅቱ አቧራ ነው ትላለች፤ ካልተዋት ወደ ጣራ ገዳም ጸበል እወስዳታለሁ። ዕቃውን ሹፌሩ ጥሩሰው ያደርስልሻል። ኑግ ጭኖ በየወሩ ከወረታ አስመራ ይመላለሳል፤ አንዳንዴም እስከ ምጽዋ ይወርዳል። የታመነ ሰው ነው። የአበረ ሥራ እንዴት እንደሆነም ጻፊልኝ።

አባትሽ ቄስ አዛናው

ምጽዋ፣ መጋቢት 20 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለአባቴ

ጥሩሰው ዕቃውን አደረሰልኝ። ቅቤው ከአስመራ ቁልቁል ሲወርድ ቀልጦ ዘይት ሆኖ ነው የደረሰ። ሽታው ግን የቤታችን ሽታ ነው። ቅሉን እንደ ከፈትሁ ወዲያው መልሼ ከደንሁት፤ ክፍሉን ከሞላው በኋላ ይጠፋብኛል ብዬ ፈርቼ።

እምዬ እንዳለችኝ ጎረቤቴን ወይዘሮ ንግሥቲን አቀመስኋት። ከሐማሴን የመጣች ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ከእኛ በር ፊት ለፊት ትኖራለች። ቀምሳ አለቀሰች። አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ፤ ግማሹን ቅቤ ሸጥሁት። የቤት ኪራይ ቀን ደርሶብኝ ነው። ለእምዬ አይንገሯት፤ ወይም ይንገሯትና እንደሳቀች ይጻፉልኝ።

የአበረን ሥራ ጠይቀውኛል። እየሠራ ነው። ሌላውን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

ሙቀቱ ገና ሳይጀምር ጽጌሬዳ እህል እንቢ ብላለች። እዚህ ሰው ሁሉ ርካሽ ብሎ የሚበላው ሩዝ የሚባል ነጭ እህል አለ፤ ከባሕር ማዶ በመርከብ ነው የሚመጣ። እኛም እሱን ለምደናል፤ እሷ ግን ወደ አፏ አታስጠጋውም።

የእምዬ ሳል እንዴት ሆነ? ወደ ጣራ ገዳም ጸበል እወስዳታለሁ ብለው ነበር፤ ወሰዷት? በዚህኛው ደብዳቤዎ ከእርስዎ ቃል የእሷ ቃል ይብዛልኝ።

ልጅዎ አገኘሁሽ

ቁሐር ሚካኤል፣ ሰኔ 15 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለልጄ ለአገኘሁሽ

ስለ ዘገየሁ ይቅር በይኝ። ብራናና ቀለም በእጄ እያሉ ቃል አጥቼ ነው የቆየሁ። የእጅ ጽሕፈቴ ቢበላሽብሽም አትደነቂ፤ እርጅና ነው።

ስለ እናትሽ ሳል ጠይቀሽኛል። በሚያዝያ ጣራ ገዳም ወሰድናት፤ ዐሥራ አራት ቀን ተጠመቀች። ከግንቦት ወዲህ አላሳላትም። ከሳሉም ከድካሙም አርፋለች።

ስለ ቅቤው ያልሽውን በወቅቱ ነግሬያታለሁ። ስቃለች። «ቤት ከከፈለ በላሁት ማለት ነው» ብላለች።

በዚህኛው የእሷን ቃል እንዳበዛልሽ ብትጠይቂኝም የምጨምረው የለኝም። ሌላ ጊዜም ቢሆን ስላንቺ ከመጨነቅ የተለየ ቃል አልነበራትም።

ቦራን ሸጥኋት። ለምን ብለሽ አትጻፊልኝ። ዝናቡ ጥሏል፤ ርብም መሙላት ጀምሯል። ጸሐይነሽ የምትባለው የእናትሽ የጽዋ ማኅበርተኛ እየመጣች እንጀራ ትጋግርልናለች፤ እግዚአብሔር ይስጣት። አበረን ሳሚልኝ። ልጂቱን ሳሚልኝ። ራስሽን ጠብቂ።

አባትሽ

ምጽዋ፣ ነሐሴ 3 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለአባቴ

እምዬ ከሳሉ በማረፏ ሚካኤልን አመሰገንሁ። ደብዳቤው ግን አጠረብኝ። ጸሐይነሽ እንጀራ የምትጋግረው እምዬ አቅም አንሷት ነው? እንደዚያ ከሆነ በግልጽ ይጻፉልኝ፤ እኔ ሕፃን አይደለሁም።

አሁን የምጽፈው ለልመና ነው። ሳስበው ሁለት ወር ሆኖኛል።

የዚህን አገር ክረምት እርስዎ አያውቁትም። ክረምት የሚባለው እዚህ እሳት ነው። በቀን ግድግዳው ያቃጥላል፤ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ በመንገድ ላይ የገመድ አልጋ ዘርግቶ ይተኛል። በረዶ በቁራሽ ይሸጣል፤ የአንዱ ቁራሽ ዋጋ የአንድ ቀን ከሰል ነው። ገዝቼ በጨርቅ ጠቅልዬ ከጽጌሬዳ ግንባር አደርገዋለሁ፤ ጸሎተ ሃይማኖት ደግሜ ሳልጨርስ ውሃ ሆኖ ያልቃል።

ገላዋን ቁስል ወርሶታል። ሦስት ጊዜ ትኩሳት ጥሏት ተነሣች። ሐኪሙ አይቷት «መድኃኒቷ እኔ ዘንድ የለም፤ ደጋ ውሰዷት» አለኝ። አበረ «እንዴት አድርገን?» ብሎ ጠየቀው። ሐኪሙ ትከሻውን ነቀነቀ።

ሁላችንም እንዳንመጣ መሣፈሪያው አይበቃም፤ ብንበደር እንኳ የምንመለስበት ሥራ አይጠብቀንም። ስለዚህ ጽጌሬዳን ለእምዬ ልልክላት አስቤአለሁ። ጥሩሰው ያለ ዋጋ እወስዳታለሁ ብሎኛል። እምዬ እኔን እንዳሳደገች ታሳድጋት። ወተት ብቻ ትጠጣ፤ ሌላ አልጠይቅም። አንድ ወር ሳያልፍ እንደምትድን አውቃለሁ።

«ላኪያት» የምትለውን አንዲት ቃል ብቻ ይላኩልኝ። ከእምዬ አፍ ትሁን።

አገኘሁሽ

ቁሐር ሚካኤል፣ መስከረም 10 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለልጄ

ዘመኑን ዘመነ ምሕረት ያድርግልሽ።

ልጂቱን አሁን አትላኪያት። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ሁሉ ባሕር ሆኗል። ከወረታ ወደ ቁሐር ሰው የሚሻገረው በታንኳ ነው፤ የዘንድሮው ውሃ ከጎተራው ሥር ድረስ ገብቷል። ወባም ገብቷል። ለታመመ ልጅ የሚሆን ጊዜ አይደለም።

ውሃው ይጉደል። ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

አትዘኚብኝ። ያልጻፍሁልሽ ነገር ቢኖር ስላልወደድሁሽ አይደለም።

አባትሽ

ምጽዋ፣ ኅዳር 2 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለቄስ አዛናው

ውሃው ጎደለ። ጥሩሰው ነው የነገረኝ። ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ሰው በእግሩ ይሻገራል፤ ሽምብራም ተዘርቷል ብሎኛል። እርስዎ ግን አልጻፉልኝም።

ከንግዲህ እውነቱን ልንገርዎ፤ የምደብቀውም ለማን ብዬ እንደሆነ አላውቅም። አበረ ከሥራው ከተባረረ ዘጠኝ ወሩ ነው። ሚዛኑ ላይ ሰው ቀነሱና እሱ ተቀነሰ። አሁን መርከብ ሲመጣ ከሚጠሩት የቀን ሠራተኞች ጋር ተሰልፎ ይቆማል፤ ከሦስት ቀን አንዱን ይጠሩታል። እኔ ከአንድ የመርከብ ኩባንያ ሹም ቤት ልብስ አጥባለሁ። ጠዋት ስወጣ ጽጌሬዳን ከንግሥቲ ጋር ትቻት እሄዳለሁ። ያቺ ሴትዮ ባትኖር ልጄን ቀብሬ ነበር። ትናንት አቅፌ ሳነሣት እንደ ገለባ ቀለለችኝ።

ይህን የጻፍሁት እንዲያዝኑልኝ አይደለም። አንድ ጥያቄ እንዲመልሱልኝ ነው። ልጄን አትላኪ ያለችው እምዬ ናት?

በጥር በላከችልኝ ቃል «ተቀይሜ አይደለም» ብላኝ አምኛት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ቅቤው ካለችው በቀር አንድም ቃል አልላከችልኝም። ሁለት ደብዳቤ ጻፍሁ፤ በመጨረሻው መልስዎ ጭራሽ የለችበትም። ጥሩሰውን «እናቴን አየሃት?» ስለው ዓይኑን ወደ ጎማው አድርጎ «እኔ ወረታ ነው የማድረው፤ ቁሐር አልወርድም» ይለኛል። ቤታችን ስንት ጊዜ ምሳ እንደ በላ አውቃለሁ። እሱም ተነግሮት ነው ማለት ነው።

ወደ ባሕር የሄድሁት አበረን ተከትዬ ነው። አበረን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ። ጥፋት ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የልጂቱ ግን ምንድን ነው? ስድስት የቀበረች ሴት በሰባተኛዋ ልጅ ላይ እንዲህ ትጨክናለች ብዬ አላስብም ነበር።

ለእምዬ ይህን ያንብቡላት። ሳይዘሉ ያንብቡላት። ከዚህ በኋላ አልጽፍም።

አገኘሁሽ

ቁሐር ሚካኤል፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለልጄ ለአገኘሁሽ

ይህን ደብዳቤ የሚሰጡሽ በዚያ ያሉት ንስሐ አባትሽ ናቸው። ጥሩሰው በእጃቸው እንዲያኖርላቸው፣ እሳቸውም በማለዳ ወይዘሮ ንግሥቲንና ሌሎች ሴቶችን ይዘው እንዲመጡ በሌላ ወረቀት ለምኛቸዋለሁ። ሰዎቹ አጠገብሽ ከሌሉ ማንበብሽን አቁሚ። አበረም ካልመጣ ጠብቂው።

ልጄ፣ እናትሽ ወለተ ሚካኤል ግንቦት 19 ቀን፣ ረቡዕ፣ ጎሕ ሲቀድ አርፋለች። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ፣ ከወንድሞችሽና ከእኅቶችሽ አጠገብ ቀብረናታል።

አሁን ሁሉን በተራ ልንገርሽ።

ከጣራ ገዳም የመለስናት በቃሬዛ ነው። ጸበሉ ሳሉን አቅልሎላት ነበር፤ ጉልበቷ ግን አልቆ ነበር። ግንቦት ልደታ ዕለት ተነሥታ ከደጅ ተቀመጠች፤ ቡና ጠጣችና ከጸሐይነሽ ጋር ስላንቺ ሲያወጉ ዋሉ። ከዚያ በኋላ አልተነሣችም። ከማረፏ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ጠራችኝ።

«አንቱ ቄስ፣» አለችኝ፣ «ለአገኘሁሽ በወረቀት እንዳይነግሯት።»

«ታዲያ እንዴት አድርጌ?» አልኋት።

«ስትመጣ ከደጃችን ሰው ሰብስበው ይንገሯት። ወረቀት ሰው አይደግፍም። ዘመድ በሌለበት፣ ያ ሁሉ ውሃ በከበበው ቦታ፣ ብቻዋን ቆማ አንብባ ብትወድቅ ማን ያነሣታል? እስክትመጣ ድረስ እንዳለሁ ልሁንላት።»

«የምትመጣበትን ቀን አናውቅም፤ ብትዘገይስ?» አልኋት።

«ብትዘገይ እኔ የምቸኩልበት የለኝ» አለችኝ።

ቃል ሰጠኋት። መስቀሌን ይዤ ነው የሰጠኋት። የኋላ ኋላ በሰኔ ብዕር ሳነሣ መዋሸት አልቻልሁም፤ መናገርም አልቻልሁም። «አርፋለች» ብዬ ጻፍሁ። እውነት ነው የጻፍሁ። አንቺ ሌላ እንድትረጂው ተስፋ እያደረግሁ የጻፍሁት እውነት ግን እውነት መሆኑን እጠራጠራለሁ። ስለዚህም ነገር ወደ ገዳም ወጥቼ ተናዝዣለሁ። ቦራን የሸጥኋት ለአርባዋ ነው። ጥሩሰውን አፉን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ ያስመረረሽን ሁሉ ከእሱ ላይ አንሽለት። ቀብሯ ላይ ሬሳ የተሸከመ ሰው ነው።

ልጂቱን «ላኪያት» ያላልሁሽም ስለዚሁ ነው። ብትመጣ የሚቀበላት እኔ ብቻ ነኝ፤ ወሬውም ሰው በተሰበሰበበት ሳይሆን በልጅሽ አፍ ይደርስሽ ነበር። ጎርፉ እውነት ነበር። ግን ጎርፉ ባይመጣም ሌላ ሰበብ እፈልግ ነበር።

የኅዳሩ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እንዳዘዝሽው አነበብሁላት። መቃብሯ ላይ ተቀምጬ፣ ሳልዘል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። «ትጨክናለች» የሚለውን ደግሜ አነበብሁት። የሰጠኋት ቃል እሷን እያስጠላሽ መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ። እናትሽ ያንን አልፈለገችም። የፈለገችው እንዳትወድቂ ነበር። ስለዚህ ቃሌን አፍርሻለሁ፤ በፊቷ ስቀርብ እኔው እመልስላታለሁ።

እናትሽ አልጨከነችብሽም። ልጂቱን ልላክላት ያልሽውም ሳይደርሳት ነው የሄደች። ብትሰማ ኖሮ ራሷ ወረታ ወርዳ ከመንገዱ ዳር ትጠብቃት ነበር።

አሁን አልቅሺ። ሰው ይደግፍሽ። ከዚያ ስለ ልጂቱ የምትወስኚውን ጻፊልኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ልጅ አሳድጌ አላውቅም፤ አንቺንም ያሳደገችሽ እሷ ናት። ቢሆንም ወተት አለ፤ ጸሐይነሽ አለች፤ ቤቱም ባዶ ነው።

አባትሽ አዛናው

አስመራ፣ የካቲት 21 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለአባቴ

ይህን የምጽፈው በጭነት መኪናው ማቆሚያ፣ ከባዶዎቹ የኑግ ጆንያዎች መሐል ተቀምጬ ነው። ጥሩሰው ጎማ እየቀየረ ነው። ጽጌሬዳ ከጎኔ ተኝታለች። ሲጨርስ ይሄዳሉ፤ እኔ በማታው ባቡር ወደ ምጽዋ እመለሳለሁ። ነገ ጠዋት ካልገባሁ ለልብስ አጠባው ሌላ ሰው ይገባበታል።

እንዳሉት በማለዳ መጡ። በሩ ሲንኳኳ ዑመር መስሎኝ ጣኒካ ይዤ ወጣሁ። ቄሱን አየሁ፤ ከኋላቸው ንግሥቲን፣ ከንግሥቲ ኋላ ሰባት ስምንት ሴቶች፣ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ጣኒካውን ከእጄ የወሰደችው ንግሥቲ ናት። ደብዳቤውን አላነበብሁትም፤ ቄሱ ናቸው ያነበቡት። «ረቡዕ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ወደቅሁ። እምዬ እውነቷን ነው፤ ወድቄ ነበር። ግን ያዙኝ አባቴ። አምስት እጅ ነው የያዘኝ። በየትኛውም ቋንቋ የማልግባባቸው ሴቶች ነበሩ፤ የእስላሞቹም ሚስቶች መጥተው አብረው አለቀሱ። ሦስት ቀን ሙሉ ከቤቴ ምድጃ አልነደደም፤ ሁሉን ከየቤታቸው አመጡልኝ። ዑመርም በየቀኑ ሁለት ጣኒካ ከበሬ እያስቀመጠ ሄደ፤ ስከፍለው «ለለቅሶ ቤት ውሃ አይሸጥም» ብሎ መለሰልኝ።

አልተቀየምሁዎትም ብል እዋሻለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ከሞተች እናቴ ጋር ስነጋገር ኖርሁ። ስለ ሩዙ ልነግራት፣ የጽጌሬዳን ቁስል በምን እንደማክም ልጠይቃት በልቤ እያዘጋጀሁ አድር ነበር። በመጨረሻም ሰደብኋት። እርስዎም መቃብሯ ላይ አነበቡላት። ይህን ማን ያነሣልኛል? እርስዎ ቄስ ነዎት፤ የሚያነሣልኝ ካለ ይንገሩኝ።

ግን ደግሞ ነገሩ ገብቶኛል። ቃሉን የሰጠኋት እኔ ብሆን ኖሮ እንደ እርስዎ አደርግ ነበር።

የባቡር መሣፈሪያችንን የሰጠችኝ ንግሥቲ ናት፤ የዕቁቧ ተራ ነበር። ለእኔ እስከ ቁሐር ደርሶ መልስ ስለማይበቃ እስከ አስመራ ብቻ ሸኘኋት። ቁሐር ደርሼ የእምዬን መቃብር ባየሁ ደስ ባለኝ። ግን አንድ ወር ብቀር ኪራዩም ሥራውም ይቀራል፤ ይህ ከሌለ ደግሞ ለጽጌሬዳ የምልከው የለም። አባቴ፣ የምጽዋ ኑሮ ስንት እንደሚፈጅ ጠይቀውኝ አርባ ብሩን ዘርዝሬ ጽፌልዎ ነበር። ያኔ አላውቀውም ነበር። እናቴን ሳልቀብር፣ ልጄን ሳላሳድግ ነው ለካ የሚፈጀው።

ጽጌሬዳ ሽሮ ትወዳለች። ብቻዋን መተኛት አልለመደችም። ብርድ ስለማታውቅ ስትንቀጠቀጥ የታመመች ይመስላታል፤ ብርድ መሆኑን ይንገሯት። አያቷ መሞቷን አልነገርኋትም። እየሄድሽ ያለሽው እሷ ዘንድ ነው ብያት ነው ከቤት የወጣች። ይህን ማድረጌ ልክ አይደለም፤ ሌላ ግን አልሆነልኝም።

ጥሩሰው ጨርሷል። ልቀስቅሳት።

አገኘሁሽ

ቁሐር ሚካኤል፣ መጋቢት 5 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለልጄ ለአገኘሁሽ

ልጅሽ በሰላም ገብታለች። የካቲት 25 ከቀትር በኋላ ወረታ ደረሱ፤ እንደምትልኪያት በሌላ ሹፌር በኩል ሰምቼ ከጠዋት ጀምሮ ከማረው ሱቅ ደጅ ተቀምጬ ነበር። ጥሩሰው አቅፎ አወረዳት። አየችኝና «አባባ አንተ ነህ?» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኋት። ከዚያ በበቅሎዋ ላይ ከፊቴ አስቀምጬ እስከ ቁሐር ወሰድኋት።

የመጀመሪያዋን ሌሊት እንዳልሽው ብርድ አንቀጠቀጣት። ነገርኋት። ይፋግ ካለው ሸማኔ ትንሽ ጋቢ አሠርቼላት ነበር፤ ለበሰችው። ጸሐይነሽ ገላዋን በሞቀ ውሃ አጥባ ቁስሏን ቅቤ ቀባችላት፤ አሁን እየጠገገ ነው። ወተት ትጠጣለች። ትናንት እንጀራ ጨምሩልኝ አለች።

«ማን ያነሣልኛል» ያልሽውን ልመልስልሽ። ያን ቃል ለእናትሽ አላልሽውም። ቄስ አዛናው በቀረጻት፣ ልጇን እንቢ ባለች ሴት ላይ ነው ያልሽው፤ እንዲያ ያለች ሴት ደግሞ አልነበረችም። የሚነሣ ኃጢአት ካለ የእኔ ነው። አንቺ ነጻ ነሽ።

ስለ አያቷ የጠየቀችኝ በማግሥቱ ነው። ጠዋት ተነሥታ ቤቱን ዞራ ዞራ አየችና «አያቴ የታለች?» አለችኝ። ጸሐይነሽ ምጣዱን ትታ «ገበያ ሄዳ ነው» ልትል አፏን ስትከፍት አየኋት። ተዪ ብዬ በእጄ ከለከልኋት። ልጂቱን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድሁ። መቃብሩን አሳየኋት። «አያትሽ እዚህ ናት፤ ሞታለች» አልኋት። ይህን ቃል በአፌ ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው፤ በወረቀት እንጂ በአፌ ለማንም ብዬው አላውቅም።

አፈሩን ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እናቴ ታውቃለች?» አለችኝ።

«ታውቃለች።»

«አለቀሰች?»

«አልቅሳለች። ሰዎችም አብረዋት አለቀሱ።»

«አንተስ?»

ልጄ፣ የእናትሽን ፍትሐት ራሴ አድርሼ፣ ራሴ ቀድሼ ነው የቀበርኋት። ለቀብር የመጣውን ሰው «አትዘኑ» እያልሁ ያስተማርሁትም እኔ ነኝ። በአርባዋም እንዲሁ። እኔ ራሴ ግን አላለቀስሁም ነበር። ከመቃብሩ ጎን ተቀመጥሁና አለቀስሁ። ብዙ አለቀስሁ። ጽጌሬዳ የጋቢዬን ጫፍ ይዛ አጠገቤ ቆማ ጠበቀችኝ።

ስጨርስ «ራበኝ» አለችኝ። እጇን ይዤ ወደ ቤት ገባን።

አባትሽ አዛናው